«ተቀበል» ያለችው

ላሊበላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ አራጋው
መተከል፣ ፓዌ ሰፈራ መንደር

ልጄ ሆይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የዚያ ቆላ ወባ ሰውን እንደ እህል ያጭዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ አንቺን ግን እግዚአብሔር ሳይሸሽግሽ አይቀርም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱ ዘንድሮ መልካም ነው። ቀይዋ ላምም ወልዳለች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያልመለስኩት ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ ቂም ይዤ ነው። አሁን የምጽፍልሽ ቂሜ ባልሠራሽው ነገር መሆኑን ስላወቅሁ ነው። በዚያ ሠርግ ላይ ግጥሙን ለአዝማሪው የሰጠሽው አንቺ አልነበርሽም።

ሰው አላስጻፍኩም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የለቀምኩት ፊደል ነው፤ ቢንጋደድ ታግሠሽ አንብቢው። ነገሩ በሌላ እጅ የሚያልፍ አይደለም።

ያን ቀን ታውቂዋለሽ፤ እኔ እንዳየሁት ግን አታውቂውም። የወንድሜ የደባሱ ልጅ ያገባ ዕለት ነው፣ ጥር 1975። ዳሱ ጢም ብሏል። ከፋለ ማሲንቆውን እየገዘገዘ መሐል ቆሟል። ከሴቶቹ ወገን አንድ ሰው «ተቀበል!» አለው። ግጥሙ በእልልታው ጠፋብኝ፤ እኔ የሰማሁት ከፋለ ተቀብሎ ያለውን ነው፦

በሬው ሁለት ጥማድ፣ ጎተራው ሙሉ ነው፤
ልብስ የለውም እንጂ፣ ጌታችን ጌታ ነው።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ ያን የተጣጣፈ ካፖርቴን አየ። ጠዋት ከቤት ስንወጣ አንቺ «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ይህን ቡትቶ ያውልቁት፤ ሰው ይስቅብናል» ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው አላሰብኩም። «አንቺ ነሽ?» አልኩ። ቀና ብለሽ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጥፊ መታሁሽ። የከፋለንም ማሲንቆ ቀምቼ በጉልበቴ ላይ ሰበርኩት። ማግስቱን ወደ አክስትሽ ወደ ወገል ጤና ሄድሽ። ስመታሽ እናትሽ ከጎንሽ ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ፣ ሱሪዬን ላስጠቅም ልብስ ሰፊው ምስጋኑ ዘንድ ተቀመጥኩ። ቴፕ ገዝቷል፤ ጠዋት ማታ ሲያስጮኸው ይውላል።

«ጋሼ አራጋው፣ ከፋለን አስታወሱት? ካሴቱ ከደሴ መጣ። ‘ቅርስ ነው’ እያሉ ይሻሙበታል አሉ።»

«አጥፋው።»

«ሱሪዎን እስክጨርስ ይታገሡ እንጂ! ወይስ ማሲንቆው ስብርብሩ ወጥቶ የሚያዜም መሰለዎት?»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔም ሱሪዬን ትቼ መሄድ ስለማልችል ተቀመጥኩ።

ልዋሽሽ አልችልም፣ ትርንጎ። ያ ሥራ ፈት ተብሎ በየስብሰባው ሲሰደብ የኖረ ሰው፣ ግጥሙን ራሱ የሚገጥም፣ ዜማውን ራሱ የሚያወጣ ሰው፣ ለካ እንዲህ ኖሯል! የቢልባላን ዳገት ሲያዜመው የበቅሎዋ ኮቴ ይሰማሻል። የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ውርጭ ሲያነሣው ቀትር ላይ ትከሻዬን በረደኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደጃፌ ላይ ሲዘፍን «ዕፍኝ ገብስ ስጡትና ይሂድ» እል ነበር እንጂ አንድ ቀን አልሰማሁትም። ደሴዎች ዛሬ አገኘነው ይላሉ። እኛ መቼ ጠፍቶብን ነው? ንቀነው እንጂ።

ምስጋኑ ካሴቱን ገለበጠው። የደባሱ ልጅ ሠርግ ነው! ለካ ለሠርጉ ከደሴ የመጣ አንድ መምህር ቴፑን ሴቶቹ ዘንድ አስቀምጦ ሲቀዳ ነበር። እልልታው መጣ፤ ሳቁ መጣ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ቴፑ አፍ ላይ ያለች ያህል ቀርባ፣ «ተቀበል» አለች።

ያቺ ድምፅ ሠላሳ ዓመት «እራት ቀርቧል» ስትለኝ የሰማኋት ናት። ባንችይርጋ ናት። እናትሽ።

የእሷ ቃል «ጌታዬስ ጌታ ነው» ነበር። በዚህ ዓለም ላይ እኔን ጌታዬ የሚል ከእሷ ሌላ ማን አለ? ከፋለ ነው «ጌታችን» ብሎ የሸሸጋት። ደግሞም የጨርቅ ነገር አልነበረም። «ልብ» ብላ ትንፋሿን ትቆርጣለች፤ «ስ» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። በሬስ አለው፣ ጎተራስ አለው፤ ልብስ? ልብ የለውም። እኔ ካፖርቴን ስጠብቅ እሷ ደረቴን ነበር የመታችው።

ለምን እንዳለችውም አውቃለሁ። ሠርጉ ከመድረሱ ከዓመት በፊት ወገል ጤና ያሉት አያትሽ፣ የእሷ እናት፣ በጠና ታመው ተልኮባት ነበር። «ልሂድ» አለችኝ። «ከአውድማው በኋላ» አልኳት። አውድማው ሳይነሣ መርዶ መጣ። አለቀሰች፤ እህሉንም አበጠረች። ከዚያ ወዲያ አላነሣችብኝም። ዝምታዋ አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት ኖሯል።

ሰኞ ገነተ ማርያም ወርጄ ከፋለን አገኘሁት። ድሮ አንቱ ይለኝ ነበር፤ አሁን አንተ ይለኛል።

«ግጥሙን ማን እንደሰጠህ ታውቅ ነበር» አልኩት።

«እንዴታ! ጆሮ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ማሲንቆዬን ነው የጠየቅከው፣ ጉልበትህ ላይ አድርገህ።»

«ልጅቱ ተመታች እኮ!»

«የመታኋት እኔ ነኝ? አዝማሪ የሰጪውን ስም ካወጣ፣ ነገ ማን ተቀበል ይለዋል? ባለቤትህ እኔን አምና ነው የሰጠችኝ። ቤቷ የምታምነው ብታገኝማ ለኔ ምን አመጣት?»

ሚስቱ ገለቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «ውይ ጋሼ አራጋው! ወርቁ ዛሬ ነው የገባዎት? አምስት ዓመት ሙሉ ሰሙን ሲያላምጡ ኖሩ?» አለችኝ። ወደ ከፋለ ዞርኩ።

«አዲስ ማሲንቆ ላሠራልህ» አልኩት።

ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ። እንደ ደረቀ ሥር ተቆላልፈዋል። «እነዚህንስ ታሠራቸዋለህ?» አለ።

አንቺም ብትሆኚ ዋሽተሽኛል። እሷን ልታድኚ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ለምን እንዲህ ያለ አውሬ መሰልኳችሁ? እያልኩ መንገዱን ሙሉ ተናደድኩብሽ። ዳገቱን ሳጋምስ ንዴቱ አለቀብኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መምሰሌን ምን አመጣው? ሆኜ ነበር።

በሐምሌ 76 እናትሽ ከማረፏ በፊት ስትደክም «ትርንጎን ጥራልኝ» ብላኝ ነበር። «ራሷ መጥታ እግሬ ላይ ትውደቅ» አልኩ። ደጋግማ «እሷ አይደለችም፣ እሷ አይደለችም» ትል ነበር። የሕመም ቅዠት መሰለኝ። እሷን ከእናቷ እንደለየሁ፣ አንቺንም ከእናትሽ ለየሁ። ይህን ሌላ ሰው አልነገረሽም፤ እኔ እነግርሻለሁ።

ሌላም አለ። ከዚህኛው የባሰ ነው፤ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

በክፉው ቀን፣ የካቲት 77፣ አንቺ የረሃብተኛው መጠለያ ውስጥ ሳለሽ ለሰፈራ ሲመዘግቡ እኔም እርዳታ ልቀበል ቆሜ ነበር። መዝጋቢው የአባትሽን ስም ከመዝገቡ አነበበና ጠራኝ። «ይህች ልጅ የእርስዎ ናት? ቤትና መሬት ያለው አባት ካላት ስሟን እሰርዛለሁ» አለኝ። አንቺ ከመኪናው በኩል ጀርባሽን ሰጥተሽ ቆመሻል። ነጠላሽ የእናትሽ ነበር።

«ልጅ የለኝም» አልኩት።

ሰምተሽኝ ከሆነ አላውቅም። ሰምተሽ ሳለ ነው ያን «አባቴ ሆይ» የሚል ደብዳቤ የጻፍሽልኝ ብዬ ማሰብ አልችልም።

ይህን ወረቀት ጎረቤቴ ሙሉሃብት ይዞልሽ ይመጣል፤ እዚያ የሰፈረ ወንድሙን ሊጠይቅ ፈቃድ አግኝቷል። ሦስት ቀን ይቆያል። ለመዝጋቢው ያልኩትን በቃሉም እንዲነግርሽ አዝዤዋለሁ፤ በሰው አፍ መዋረዱ ለእኔ ይገባል። ፈቃድ የሚሰጥሽ ካለ ነይ፤ ቤቱ ባዶ ነው። መልስ ከሌለሽም ባዶ እጁን ስደጂው። አልጠይቀውም፤ ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ።

የደብረ ሮሃ አምላክ ከወባና ከእባብ ይሰውርሽ። እዚያ የዘራሽውን ያሳጭድሽ። ትዳር ከያዝሽ፣ ስትናገሪ የሚሰማሽ ይሁን።

አራጋው ወልደ ሩፋኤል

ከስሜ በላይ «አባትሽ» ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ያ መዝገብ ትዝ ሲለኝ እጄ ቆመ።