አሥሩን ዘንጎች ለቆለፉ ተቆጣጣሪ

ለክቡር አቶ ኩዌኑ፣
የኩዋማንክራ ወረዳ ትምህርት ተቆጣጣሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና በተለይም ለእግርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለእግርዎ የምጨነቀው ያለምክንያት አይደለም፤ በየካቲት ወር የመምህርት ማንሳን ክፍል ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ያረፈው በስድስት ዓመቷ ልጄ በኤኩዋ ምንጣፍ ላይ፣ እኔ ከዋዋ እንጨት ልጌ በሠራኋቸው አሥር የመቁጠሪያ ዘንጎች መካከል ነበርና።

ልጆቹ በሞንቴሶሪ ዘዴ ቁጥርን በእጃቸው እየደረደሩ ስለነበር ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» ሳይሉዎት ቀሩ። ይባስ ብላ ኤኩዋ ቀና አለችና «አባባ፣ ምንጣፌን ረገጡብኝ እኮ! በዚያ በኩል ይዙሩ» አለችዎ። መስኮት ልጠግን መጥቼ ስለነበር፣ መዝገብዎ ላይ «ሥርዓት የለም፤ ትምህርትም የለም» ብለው ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ። በማግስቱ ዘንጎቹ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፉ፤ ቁልፉም ወደ ቢሮዎ ሄደ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ የልጆችን ዕውቀት ስለመዘኑ አመሰግናለሁ። ልጄ እናቷ ለገበያ ከቀቀለችበት ድስት ዘጠኝ ጥቅል የበቆሎ ኬንኬ አውጥታ ለሦስት ደንበኛ እኩል ታካፍል ነበር፤ እርስዎ ግን የፈለጉት ምን ያህል ቶሎ ብድግ እንደምትል ማየት ነበር። እኔ በርን በቀለሙ ብቻ መርምሬ ባስረክብ ደንበኛ ያባርረኛል፤ እርስዎን ግን ይሾሙዎታል።

፪. የለመድነውን ትምህርት ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። እኔም ያደግሁት በእሱ ነው፤ አልዋሽም፣ በጩኸት ያጠናሁት የማባዛት ሠንጠረዥ ዛሬም ይጠቅመኛል። ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት መሆኑን ከልጅነቴ አውቅ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በሃያ ዓመቴ፣ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ አበላሽቼ ነው። ዘንጎቹን የሠራሁት ልጄ ያን ያህል እንዳትዘገይ ብዬ ነበር።

፫. ስለ ውጤቱም አመሰግናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ቤቴ ውስጥ ኤኩዋን ስድስትና አራት ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት። «አሥር!» አለች በዜማ፤ ሊኮሩ ይገባዎታል። «እስቲ በእንጨት አሳዪኝ» ስላት ግን ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «ካልታዘዝኩ አልነካም፣ አባዬ» አለችኝ። ከፊቷ የነበረው ዳዴ ካለችበት ጊዜ ጀምሮ ስትጫወትበት የኖረችው የገዛ አባቷ ቁርጥራጭ እንጨት ነው። ክቡር ሆይ፣ አለቀስሁ። ከዚያም ናቅሁዎት።

ስለዚህ የቁምሳጥኑን ቁልፍ በዚህ ሳምንት እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እስክታዘዝም ምንም ሳልነካ የምሰናበትዎ፣

ኮቢና አምፒያ፣ አናጺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቢሮዎ ያዘዙት ትልቁ መደርደሪያ አልቋል። ለዘዴዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ሜትር በእጄ አልነካሁም፤ ልኩን ሦስት ቀን ሙሉ ጮክ ብዬ ስደጋግም ሰንብቼ ቆረጥሁት። ወንበርዎን ከሥሩ እንዳያደርጉ አደራ።