ከተራራው የመጣ አፈር

ታኅሣሥ 8
ካፉሪ፣ ሀብታም ዓረቦቹ ሰፈር፣ ልብስ ስተኩስ ዋልኩ። ማዳሟ ዛሬም ቶሎ አልለቀቀችኝም። ልጄን ናርዶስን ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘርፈሽ ቤት ተቀብዬ ስመጣ ባሌ ጥዑመልሳን በር ላይ ቆሟል። ከስምንት ወር በኋላ! ናርዶስ አላወቀችውም... የሦስት ዓመት ልጅ፣ ምን ታውቅ። ወርቅ ሊቆፍር ሄዶ ሁለት ጆንያ አፈር ይዞ መጣ።

ታኅሣሥ 9
የተራራው ወርቅ አልቋል አለኝ። የቀረው ጉድጓድ፣ የዛገ ወፍጮ፣ ባለቤት የሌለው ጫማ ነው። «ሰው አጥቦ የጣለውን አፈር ነው ያመጣሁት። ትንሽ አይጠፋውም፣ ኢንሻላህ።» ዓይኔን አያይም። አሳዘነኝ።

ታኅሣሥ 12
አፈሩን ሜርኩሪ በሚሉት ባዜቃ ሲያሽ ሰነበተ። ወርቁን የሚለቅመው ባዜቃው ነው አሉ። ዛሬ ጠዋት ወርቁን የያዘችውን ነጭ የባዜቃ ድብልብል መጥበሻ ላይ አድርጎ ቡታጋዙ ላይ ጣዳት። ባዜቃው ሲተን ወርቁ ይቀራል።
«ግቢ ውስጥ ለምን አታደርገውም?» አልኩት።
«ጎረቤት አይቶ ፖሊስ ይጥራ? ተራራ ላይም እንዲሁ ነው የምናደርገው።» መስኮቱን ከፈተና «እንዳትዘጊው» ብሎኝ ውሃ ሊቀዳ ወጣ።
ነፋሱ ይቆርጣል። ናርዶስ ትናንት ስታስነጥስ ነበር። ብርድ ይምታት እንዴ? ዘጋሁት። ኮቴውን ስሰማ መልሼ ከፈትኩት፤ ጭቅጭቁን ማን ይችለዋል።
የወጣው ወርቅ ግማሽ ሽምብራ አያህልም።

ታኅሣሥ 13
ናርዶስ ትኩሳት... ሳሉ አላስተኛትም። እኔም አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ብርዱ ነው። ደራርቤ አለበስኳት።

ታኅሣሥ 14
ሆስፒታል። ሐኪሟ፣ «ቤት ውስጥ ምን አቃጥላችሁ ነበር?» ጥዑመልሳን ሳይደብቅ ነገራት። ጭሱ ሳንባዋን በልቶታል አለች።
«ክፍሉ ዝግ ነበር?»
«ላ፣ ላ። መስኮቱ ክፍት ነበር» አለ።
ሐኪሟ እኔን አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ታኅሣሥ 16
ናርዶስ።

ታኅሣሥ 24
እትዬ ዘርፈሽ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለው፣ «የዚህ አገር ነፋስ ለሕፃን አይሆንም፤ መስኮት መዝጋት ነበር» አሉ። አዎ አልኩ።
ጥዑመልሳን እህል አይቀምስም። «ገደልኳት» ይላል፣ ደጋግሞ። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም... ለእሱ እንዴት ብዬ?

ጥር 5
ዛሬ ተመልሶ ሄደ።
«እዚያ እኮ ምንም የለም» አልኩት።
«አውቃለሁ።»
ልነግረው እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁት። ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። ረዳቱ «ያላ፣ ያላ» ይላል። ጥዑመልሳን እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፣ ሰው ሁሉ እያየ።
«ማዘንጊያ፣ ይቅር በይኝ።»
«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት።