የግድግዳ ሰዓቱን ያስወረደ ልብ

መምህርት ዲሪቤ ጭምዴሳ ከአባታቸው ከአቶ ጭምዴሳ ኦሊና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኢብሴ ደቅሲሳ በ1965 ዓ.ም. በኡካ ከተማ ተወለዱ። ጎሬ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ የትምህርት ቤቱን ዳገት የሚወጡት ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ነበር። «ሰነፍ» ተባሉ። የልጅነት የጉሮሮ ሕመማቸው ልባቸውን እንደጎዳው ማን አውቆ!

በ1987 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጥረው በዳሪሙ፣ ኋላም በመቱ አስተማሩ። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ነመራ አራርሳ ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ሲፋንን ወለዱ።

በ2004 ዓ.ም. ትንፋሽ አጥሯቸው አዲስ አበባ ሄዱ፤ የልባቸው ቫልቭ በሰው ሠራሽ ተተካ። ድነው ተመለሱ፤ ድካሙም አብሯቸው ተመለሰ። ሰሌዳውን ግማሽ ጽፈው ወንበር ይፈልጉ ነበር። ቀረብ ብሎ ላዳመጠ በአዲሱ ቫልቭ ምክንያት ደረታቸው እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። አቶ ነመራ የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ከሚስታቸው ልብ ጋር እየተቀላቀለ ቢያስጨንቃቸው፣ አውርደው ባትሪውን አወጡና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። መምህርትም «ሰዓት ካማረህ ወደ እኔ ጠጋ በል» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ፍልሰታን ሲጾሙ ያላሰብነው መጣ። ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚወስዱትን የደም ማቅጠኛ ኪኒና አንድ ቀን አልዘለሉም። ጎረቤታቸው እትዬ ሻሽቱ ግን፣ እንዲበረቱ ብለው፣ ጾሙን ሙሉ ጎመን አመላለሱላቸው። ብዙ ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል እንደሚቀንስ አንዳችንም አላወቅንም። ቫልቩ ላይ ደም ረጋ፤ ድምፁ ደበዘዘ፤ ለጥቂት ተረፉ። እትዬ ሻሽቱ «እኔ ልሙት!» እያሉ ሲያለቅሱ፣ መምህርት «የበዛው ፍቅርዎ ነው እትዬ፤ በጭልፋ እንለካዋለን» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ጎመን በልክ ሆነ፤ በየወሩም ለደም ምርመራ ጅማ ድረስ ይሄዱ ነበር። ውጤቱ እስኪሰማ ስልክ ከእጃችን አይለይም ነበር። ሲፋንም ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ ሳታሳርፍ ከቤት አትወጣም ነበር።

ልባቸው እየደከመ ሄዶ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ሲፋን ጆሮዋን ብታሳርፍ ድምፁን አጣችው። በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት የቀብሩን ሰዓት እንዳንስት ብላ ሲፋን የግድግዳውን ሰዓት ከመሳቢያ አውጥታ ባትሪ ብታስገባለት፣ አቶ ነመራ «መልሺው ልጄ፤ ይኼን ድምፅ አልችለውም» አሏት።

እግዚአብሔር ለአቶ ነመራ፣ ለሲፋንና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። የመምህርታችንንም ነፍስ ዳገት ከሌለበት ያሳርፍልን። አሜን።