ለማህፀን ሐኪማችን፣ ስላልጠየቁን ጥያቄ

ለተከበሩ የማህፀን ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን እንደማያምዎት፣ ደረጃውንም ያለ ድጋፍ እንደሚወጡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ይህን የምጽፈው ሆዴ ላይ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አድርጌ ነውና ሐሳቤ ቢቆራረጥ ይታገሡኝ።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. እናቴ በየወሩ ወለል ላይ ተጠቅልላ እንደምትውል ስትነግርዎ «የሴት ወግ ነው» ብለው ስላጽናኗት። ዕድሜ ለእርስዎ፣ ማህፀኗ እስኪወጣ ድረስ ወጓን ጠብቃ ኖረች።

፪. ታላቅ እህቴን ትዳር እንደሚፈውሳት ስለመከሯት። አገባች። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ መድኃኒት ግን አልሆነም።

፫. እኔንም እንደ እነርሱ «ምንም የለም»፣ ቀጥሎም «ጭንቀት ታበዢያለሽ» ስላሉኝ። እውነት ነው፣ አበዛለሁ። ሌላ ሆስፒታል ሆዴ ሲከፈት ግን የተገኘው ጭንቀት ሳይሆን ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበር፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ በቅሎ አንጀቴን አጣብቆታል። ያከመችኝ ሐኪም ገና ሳልቀመጥ «እናትሽስ? እህትሽስ? በአባትሽ በኩልስ?» አለችኝ። አንድ ዘረመል ብቻውን አያመጣውም አለች፤ ብዙ ዘረመሎች በጥቂት በጥቂቱ ተደማምረው ሥጋቱን ከፍ ያደርጉታል፣ ወንድም ቢሆን ሳያመው ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል። ዕጣ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እርስዎ ግን ከአንድ ቤት የመጣን ሴቶች ተራ በተራ ስናለቅስብዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

፬. ይህ ምስጋና አይደለም። ትንሿ እህታችን ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መቅረት ጀምራለች። ራት ላይ እጇን አያለሁ። ከጠረጴዛው በታች የት እንደምታሳርፈው። ማንም እንዳያይባት ትስቃለች። ሰኞ እርስዎ ዘንድ ትቀርባለች፤ የተመደበላት ሐኪም እርስዎ ነዎትና ምርጫ የለንም። እባክዎ፣ ከቤተሰቧ ውስጥ ሌላ ማን እንደሚያመው ይጠይቋት። ሳይጠይቁ ካሰናበቷት እናቴ፣ እህቴና እኔ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቆመን ጠባሳችንን እናሳያለን። እናቴ የምትለብሰውን ቀሚስ ከወዲሁ ተኩሳለች።

በዕውቀትዎ ሳይሆን ከዕውቀትዎ በተረፍን ሁሉ ስም በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣
የዚያች «ወገኛ» እናት ሁለተኛ ልጅ

ግልባጭ፦ ለታካሚዎች መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ወንድማችን ልጅዎን ሊያገባ ፈቃድዎን ለመጠየቅ ሳሎንዎ በተቀመጠ ጊዜ፣ «በቤተሰባችሁ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ ወይ?» ብለው እንደጠየቁት ሰማን። ጥያቄውን ያውቁት ኖሯል። እርሱም እኛ በመከርነው መሠረት፣ ስለ እናቱና ስለ እህቶቹ እርስዎ ራስዎ የነገሩንን ቃል በቃል መለሰልዎት፦ ምንም የለም።