የሶልያና ወንበር

ይድረስ ለልጄ እናት፣

እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ሶልያናስ? ዕቃ ማሸጉ አድክሞሽ ይሆናል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺን መች አታልዬሽ አውቃለሁ።

ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ ቶርንተን እናንተ ጋ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። ልጄ መስኮት ላይ ተጥዳ እንደዋለች ጎረቤትሽ እንቁ ነገረችኝ። አንቺም «እንደ ልማዱ ነው» ብለሻል አሉ። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ይዘሻት ሚኒሶታ ትሄጃለሽ። ሳላያት ብትሄድ ምን ይውጠኛል? እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

ጥፋቱ የብስክሌቱ ነው። ሐኪሙ መኪና መንዳት ከከለከለኝ ወዲህ እግሬ እሱ ነው። ሃይብሪድ ይሉታል፤ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን፣ ለምንም ግን የማይቸኩል። ከአውሮራ እናንተ ጋ እስክደርስ እንደ ሰነፍ አህያ እየተጎተተ ነፍሴን ያወጣታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። ወፍራሞቹን ጎማዎች አውጥቼ ቀጫጭንና ለስላሳ አስገባሁ፤ ድንጋይ እስኪመስሉ ነፋኋቸው። ሰንሰለቱን አጥቤ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግሁበትና ትርፉን ጠረግሁ። ነፋስ እንዳይዘኝ መሪውን ዝቅ፣ ጉልበቴ እንዲዘረጋ ኮርቻውን ከፍ። ቅርጫቱንም፣ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውንም፣ ማቆሚያውንም ነቀልኩ። እጄ ሥራ ሲፈታ ያስለቅሰኛልና አላረፍኩም።

እንዳልክ መጥቶ አየው። ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ብስክሌት የሚያሳብደው ጓደኛዬ ነው። «ክብደት መቀነስ ከፈለግክ ይሄን ከኋላ የተገጠመ የልጅ ወንበር መጀመሪያ ሪሙቭ አታደርገውም ነበር?» አለኝ። ተቆጣሁት። ልጄ ስምንት ዓመት እንደሞላት አጥቼው አይደለም። እሷም በስልክ «ዳዲ፣ አይ አም ቱ ቢግ ፎር ዛት»፣ አድጌበታለሁ ብላኛለች። ቢሆንም እጄ እምቢ አለኝ።

እንዳልክ ጎማውን አሽከረከረው፣ ፍሬኑን ሞከረው። ቀጥሎ ብስክሌቱ ድሮም ምንም እንዳልነበረበት ነግሮኝ፣ መሪው ግን ለምን እንደተጣመመ ጠየቀኝ። ሰንሰለቱን እንደገና መጥረግ ጀመርኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎ ትቶኝ ሄደ።

እሺ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ልጄን እንዳላጣት ለእመቤታችን ተስዬ ፍልሰታን አጥብቄ ያዝኩ። ያን ሳምንት ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም። የጠዋቷ ክኒንም ቀርታ ነበር፤ እንዳይጥለኝ የምውጣትን ታውቂያታለሽ። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ የኢስት ኮልፋክስን መንገድ ይዤ ስበር መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሰዎች ከበውኝ፣ አንዲት ሴት ጃኬቷን ጭንቅላቴ ሥር አድርጋ ስሜን ስትጠይቀኝ ነው። የተናገርኩት የሶልያናን ስም ነበር። ብስክሌቱ አጠገቤ ተጋድሟል። ወንበሩ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን እያየሁ እንኳ ተንፏቅቄ ሄጄ በእጄ ዳበስኩት።

ትናንት ወንበሩን ፈታሁት። ለፍጥነት ብዬ አይደለም።

መድኃኒቴን መልሼ ጀምሬያለሁ፤ ንስሐ አባቴም «ማን ተው አለህ?» ብለው ተቆጥተውኛል። ቅዳሜ እንዳልክ በመኪናው ያመጣኛል። በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ ሳልደርስ እንዳትነሺ። አንቺን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ ይዣት እንዳልወድቅ ለልጅሽ ፈርተሽ ጥለሽኝ እንደሄድሽ ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ገባኝ። እኔም ፈራሁላት። አንድ ጊዜ አቅፌያት ልመለስ እንጂ አላስቸግርሽም።

ብስክሌቴን አፍጥኜ አሳይሻለሁ ብያት ነበር። ከሰው መኪና ስወርድ ስታየኝ «ብስክሌቱስ?» ማለቷ አይቀርም። የዚያን ጊዜ አንቺ መልሺላት። እኔ አልችልም።

መንገዱን ያቅናላችሁ፤ የምትገቡበትን ቤት የሰላም ያድርግላችሁ። ወገብሽን አደራ፣ ከባድ ዕቃ አታንሺ፤ ቅዳሜ እኔና እንዳልክ እንጭነዋለን።

የሶልያና አባት