ጥቁሩ ዘንግ ለምን እንደወረደ

ታሊሳይ መንደር፣ ካታንዱዋኔስ
ኖቬምበር 19 ቀን 2018

ውድ ልጄ ሄርሚ፣

ይህ ደብዳቤ በየትኛው ወደብ እንደሚያገኝህ አላውቅም፤ የትም ይሁን፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። እኔም አባትህም ደህና ነን። የጣሪያውን ግማሽ አውሎ ነፋሱ ወስዶት በተዋስነው ቆርቆሮ ከድነነዋል። ድመቷ በሦስተኛው ቀን ተመልሳለች። እንግዲህ ደህንነታችንን ነግሬሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ንዴት ነው። አባትህ ይህን እንዳልጽፍልህ አስምሎኛል። መሐላዬን ላፈርስ እንደሆነ ለቄሱ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «እስከ ዛሬ መቆየትሽም ይገርማል» አሉኝ።

አውሎ ነፋሱ በመታን ማግስት፣ ጠዋት፣ የጎረቤታችን የሮዌና ምጥ መጣ። ወሯ ገና ነበር። ደም ይፈሳታል፣ መንገዱን ናዳ ዘግቶታል፣ ስልክ ሞቷል። አባትህ የመንደሩ ሬዲዮ ፊት ተቀምጦ ዋናውን ከተማ መጥራት ጀመረ። በደህናው ቀን ተራራው ላይ ያለው ማስተላለፊያ ድምፃችንን ተቀብሎ ያሻግርልን እንደነበር ታውቃለህ። እሱ ወድቋል። ያን ቀን የኛ አንቴና በራሱ ጉልበት መድረስ ነበረበት፤ አልደረሰም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ጠራ። ድምፁ ሻከረ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ፤ ማይክራፎኑን ተቀብዬ እኔ ጠራሁ። የሮዌና ጩኸት በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ከሬዲዮው የሚሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ አባትህ ብድግ ብሎ ወጣ። ነፋሱ ገና አልበረደም ነበር። አንቴናውን አወረደና የመዳብ ሽቦዎቹን ባለፈው ገና ከጃፓን ከላክህለትና የአንቴናው ተሸካሚ ካደረገው ጥቁር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ አንድ በአንድ ነቃቀላቸው። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደ። ያ የድሮው የአንቴና ቀርከሃ፣ ሁለት ዓመት ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ያደረቀውና ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ የቀባው፣ ልብስ ማስጫ አድርጌው ነበር። እርጥቡን ልብስ ጭቃ ላይ ጣለው። ሽቦዎቹን በድሮ ቀዳዳቸው መልሶ ሰካና ሰቀለው። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ከተማው መለሰልን።

ከከተማው የተላከው ጀልባ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። ሮዌና ተረፈች። ልጇ አልተረፈችም። ሴት ነበረች።

ያን ዕለት «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ነፋሱ አዙሮት ነው» አለኝ። አመንኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ኢንጂነር ፓሎማር፣ ያ አራተኛ ክፍል ማካፈል ያስተማርኩት አፍንጫው የማይደርቅ ልጅ፣ አሁን የአደጋ መከላከል ኃላፊ ነው። መድረኩ ላይ ቆሞ ስለ አባትህ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መሣሪያው እንከን የለውም። ማንግ ዱሎን እናከብራቸዋለን፤ ግን አርጅተዋል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል።» ሰው ሳቀ። ቀጠለና ለአሥራ ሁለት መንደር አሥራ ሁለት አንቴና እንደታዘዘ፣ ሁሉም እኛ ቤት ተሰቅሎ እንዳየው በጥቁር ዘንግ እንደሚሠራ ነገረን። «ቀርከሃ የድሮ ነው፤ ይሄ ዘመናዊ ነው» አለ።

አባትህ ጫማውን ያይ ነበር። እኔ ግን ተነሳሁ።

«አንተ ፓሎማር! ይሄ ሰውዬ አንተ ዳይፐር ስታረጥብ መርከብ ሲያናግር ነበር!»

«አሊንግ ኒልዳ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለኝ፣ አክብሮ።

«አልቀመጥም! ስንት ዓመት ተቀምጬ አስተማርኩህ፤ ምን ገባህ?»

አባትህ ቀሚሴን ጎተተኝ። እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። እንደገባን በሩን ዘጋሁና «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። ከዘንጉ የተረፈውን ቁራጭ አወጣ፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገና የኤሌክትሪክ መለኪያውን ሁለት ሽቦዎች አስነካው። ቀስቱ ዘለለ።

«ካርቦን ነው፣ ኒልዳ። ፋይበርግላስ መስሎኝ ነበር፤ ሲያዩት አንድ ናቸው። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ይሄ ግን ያሳልፋል። የሚያሳልፍ ነገር ሽቦዎቹን መሃል ለመሃል ሲይዛቸው ጉልበታቸውን ይበላዋል።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከተማው የመለሰልኝ ጊዜ።»

«እና አሥራ ሁለት መንደር ያንኑ ሲሰቅል አፍህን ይዘህ ልታይ ነው?»

ምን እንዳለኝ ልንገርህ? «ልጁ በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው ነው። ብናገር አንድ ቀን ይሰማል። የሮዌናን ልጅ የገደልኳት እኔ ነኝ ይላል። ባሕር ላይ ነው ያለው፣ አጠገቡ ማንም የለም» አለኝ።

ሄርሚ፣ አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ተናድጄበት አላውቅም። ላንተ ሲል ሰው ሲስቅበት ዝም ይበል እሺ፤ የአሥራ ሁለት መንደር ምጥ፣ የአሥራ ሁለት መንደር ናዳስ? ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ሩዝ እያቀረብኩለት፣ ዓሣውን ግን ለድመቷ እየሰጠሁ።

በአራተኛው ቀን ከአሊንግ ታሲንግ ምግብ ቤት ማይክሮዌቭ ተሸክሜ አዳራሹ ገባሁ። የየመንደሩ አለቆች አንቴናቸውን ሊረከቡ ተሰብስበዋል።

«አሊንግ ኒልዳ፣ ምሳ ሊያበሉን ነው?» አለ ፓሎማር።

«አዎ፣ የሠራኸውን ላበላህ ነው። ይሄም ምድጃ እንደ ሬዲዮው በሞገድ ነው የሚሠራው፤ ሞገዱን የሚበላ ነገር ይግላል።»

አንድ ኩባያ ውሃ አስገባሁ፣ አጠገቡ የቀርከሃ ቁራጭ አስቀመጥኩና አንድ ደቂቃ አበራሁት። የሳንታ ኢነሷ አለቃ ካፒታና ሲድራ ቀርከሃውን ዳሰሰችው። «ለብ እንኳ አላለም» አለች። ቀጥዬ የኛን የጥቁር ዘንግ ቁራጭ አስገባሁ። ገና ከማብራቴ ተንጣጣ፣ ብልጭ አለ፣ ክፍሉ በቃጠሎ ሽታ ታፈነ። አጠፋሁት። ሲድራ ጣቷን አስነክታ «እናቴን!» ብላ ጮኸች።

ፓሎማር ሳቀ። «ይሄ የወጥ ቤት ጨዋታ ነው» አለና መለኪያውን አምጥቶ አንዱን አዲስ ዘንግ ነካካው። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። «አያችሁ? ምንም አያሳልፍም!»

ሰዉ እኔን ማየት ጀመረ። ያኔ ከበሩ በኩል ያንን የሻከረ ድምፅ ሰማሁ።

«ቀለሙን ፋቀው።»

አባትህ ነው። ተከትሎኝ መጥቶ ውጭ ቆሞ ኖሯል። በሰዉ መሃል አልፎ ቢላውን አወጣና እጁ እየተንቀጠቀጠ ዘንጉን ፋቀ። «የለካኸው ቫርኒሹን ነው፣ ልጄ። አሁን ለካ።» ፓሎማር ለካ። ቀስቱ ዘለለ። «እኔም እንዳንተው ተሳስቻለሁ» አለ አባትህ። «የኔ ስህተት ሰባት ሰዓት አስከፍሎናል፤ ሰባቱን ሰዓት ደግሞ ማን እንደከፈለችው ታውቃላችሁ።»

ማንም አልሳቀም።

ፓሎማር ይቅርታ የጠየቀ እንዳይመስልህ። ዕቃው ተገዝቷል፣ መመለስ አይቻልም ይላል፤ በሪፖርቱም «ተጨማሪ ሙከራ ተደርጓል» ብሎ ጽፏል። ሲድራ ግን የዚያኑ ዕለት ዘንጓን ወለሉ ላይ ጥላ ወጣች። አባትህ በየመንደሩ እየዞረ እስካሁን ሰባቱን ቀይሯል፤ የደረቀ ቀርከሃ ያገኘበት በቀርከሃ፣ ያላገኘበት በነጭ የውሃ ቧንቧ። አምስቱ መንደሮች ዛሬም ጥቁሩን እንደሰቀሉ ናቸው። ዲሴምበር ከነአውሎ ነፋሱ እየመጣ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ሳህን መስበር ያምረኛል።

አንተ ግን ስማኝ። ይህን ጥፋት እንዳትሸከመው። ዘንጉን ሻጩ ጥሩ ነው ብሎህ ነው የገዛኸው፤ ለዓሣም ጥሩ ነው። አባትህ ዕቃ ሳይፈትን ሰቅሎ የማያውቅ ሰው ነው። ያንተንም ሊፈትነው ነበር፤ የላክኸው ዕለት ቢላውን አንስቶ ነበር። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ልጅህ የላከውን ትቧጭራለህ? አሁኑኑ ስቀለው፣ ሰው ይይልን» አልኩት። ይህን አዳራሹ ውስጥ አልተናገረም። እኔንም አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰኝም።

ለአባትህ ደውልለት። ይቅርታ አትበለው፤ ይከፋዋል። ስለ ሥራው ጠይቀው፣ እሱም ያወራልሃል።

ድንግል ማርያም መርከብህን ትጠብቅ። ከማዕበል፣ ከክፉ ባልደረባ፣ ከብቸኝነት ትሰውርህ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ እንደጨረስኩ ወደ ሮዌና ቤት እሄዳለሁ። ስለ ቢላው ለእሷም ገና አልነገርኳትም።

እናትህ
ቤኒልዳ