ሀብቶምን ያስራብኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም ሻዩን ተፋብኝ። የኮኮናት ዘይት ጨምሬበት ነበር። «መርዝ ነው» አለኝ፣ ባሌ ሀብቶም።

እሱን የምታክመው ሐኪም ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። አልዛይመር የያዘው አንጎል ስኳርን ለጉልበት መጠቀም ያቅተዋል አለች። በየሕዋሱ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፤ እነሱ ይደክማሉ። ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶ አንጎሉ ይራባል። ይራባል! ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ስፈልግ አንድ ሰውዬ፣ ስኳር እምቢ ያለውን አንጎል ስብ ይመግበዋል አለ። በዚሁ በሽታ ስሙን ረስታ የነበረች ሚስቱ መልሳ በስሙ ጠራችው። አመንኩት። ምን ላድርግ?

እንግዲህ እንጀራ የለም። ዳቦ የለም። ኡጋሊ፣ ያ የኬንያ የበቆሎ ገንፎ፣ የለም። እንቁላል፣ ሥጋ፣ አቮካዶ፣ ዘይት።

ማክሰኞ

ኢስትሊ ገበያ ወርጄ ሌላ ዘይት ገዛሁ። ስመለስ የሕዝብ ታክሲው፣ ማታቱ ውስጥ፣ ልጃችን ሳራ ደወለች። «ማሚ፣ ስለ ምግቡ ዶክተሯን አስክ አድርገሻታል?» አዎ አልኳት። ዋሸሁ። ብጠይቃት አይሆንም ትለኛለች፤ ከዚያስ ምን ይቀረኛል?

ከሰዓት በኋላ ግን በስሜ ጠራኝ። «ብርቄ፣ መስኮቱን ዝጊው።» ብርቄ አለኝ! ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እየሠራ ነው።

ረቡዕ

አልሠራም። ዛሬ ጭራሽ አማርኛው ጠፋበት። አስመራ ነው ያደገው፤ አማርኛን የለመደው አዲስ አበባ መጥቶ ነው። ቀኑን ሙሉ በትግርኛ ሲያወራኝ ዋለ፤ እኔ ደግሞ አልችልም። አንዲት ቃል ይደጋግማል፦ «ጠምየ፣ ጠምየ»።

ምግብ ቤታችን የምታበስለውን፣ ትግርኛ የምትሰማውን እቴነሽን ጠየቅኋት። ድንች መላጧን ሳታቆም፣ «እትዬ፣ ርቦኛል ነው እኮ የሚልዎት» አለችኝ።

እንቁላል ጠበስኩለት። ሳህኑን ገፋው። ከስቶ ቀበቶው ሱሪውን ሊይዝለት አልቻለም።

ትንሽ ልታገሥ። ትንሽ ብቻ።

ሐሙስ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት ነበር፤ ምግብ ቤታችን ጢም ብሏል። ሰፈራችን ሁርሊንግሃም ያለ ቢሮ ሁሉ እኛ ዘንድ የመጣ ይመስላል። እኛ የምንኖረው ከኋላ ነው። በሩን መቆለፍ ረስቼ ኖሯል። ሀብቶም በነጠላ ጫማ ገባና አንዲት የማላውቃት ኬንያዊት አጠገብ ተቀምጦ ከሳህኗ መብላት ጀመረ። በሁለት እጁ። እየተጣደፈ። ሮጬ እጁን ያዝኩት። ጮኾ አለቀሰ።

«ዋቻ አሌ፣ ማማ» አለችኝ ልጅቷ። ተይው ይብላ። ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

እኔ ጎትቼ አስነሳሁት። ሰው ሳበላ የምውል ሴት፣ ባሌን ከእንጀራ ላይ!

ዓርብ

ጠዋት ብቀሰቅሰው አልነቃም። ላብ አጥምቆታል፤ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ይንቀጠቀጣል። ከእቴነሽ ጋር ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባነው። ሆስፒታል እንደደረስን ጣቱን ወግተው ለኩት፤ ስኳሩ ወርዶ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የስኳር በሽታ ኪኒኑን በየቀኑ ስሰጠው ነበር። ምግቡን ከልክዬ ኪኒኑን! እንዴት አላሰብኩትም? በደም ሥሩ ግሉኮስ ሲሰጡት ዓይኑን ገለጠ።

ሐኪሟ ምን ሲበላ እንደሰነበተ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በሽታው አንጎሉን ምን እንደሚያደርገው ነው የነገርኩዎት። እንዴት እንደሚድን እኛም አናውቅም። ይህን ኪኒን እየዋጠ ምግብ ከተከለከለ ግን ሊሞት ይችላል።»

ሳራ ስትከንፍ መጣች። «ጠይቄያታለሁ አልሽኝ እኮ፣ ማሚ።» አባቷን እግሩን ስታሽ ዋለች።

ቅዳሜ

እዚያው ነን። አይናገርም፣ በትግርኛም። የቀረችውን ትንሽ አእምሮ እኔ አጥፍቼበት እንደሆነስ? ሐኪሟን ለመጠየቅ ፈራሁ። ከዚያ ጠየቅኋት። «እንጠብቅ» አለች።

እሁድ

ቤት ገባን። ኪኒኑን ቀንሰውለታል። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ አብዪው ብለውኛል።

ሽሮ በእንጀራ አቀረብኩለት። ቀስ ብሎ በላ፤ የሚቀማው እንደሌለ ገብቶታል። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየዋለሁ። እንደማይድን አውቃለሁ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቄዋለሁ። ድንገት ቀና ብሎ አየኝና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«አንቺም ብዪ እንጂ፤ ከስተሻል» አለኝ። በአማርኛ።

ማን መስዬው እንደሆነ አላውቅም። በላሁ።